ሐረጎን እምቢ ያለች ቮልስ፦ ያረጀ መኪና ጉልበት ሲያጣ ከየት እንጀምር?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ለአዲስ መኪና መንገድ ነው። ለእኔ ቮልስ ፈተና ነው። በፈረንጅ 1969 የተሠራች 1300 ናት፤ ከእኔ በፊት የአጎቴ ነበረች። ሴት ልጄ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወርጄ ምሳ በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ አስር ሰዓት ግድም ወደ ደሴ እመለሳለሁ። መውረዱ ችግር የለውም፤ ድንጋይም ይወርዳል። ጉዱ የሚታየው ስንመለስ፣ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ ነው።

መኪናችሁ አንድ ቀን ዳገት እምቢ ካለች የምታውቁት ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። "ካርቡሬተሯ ነው።" "ቦቢናዋ ነው።" "ቤንዚኑ ነው።" "ሽጣትና ተገላገል።" የመጨረሻውን ምክር ባለቤቴም ትደግፈዋለች።

እኔም መካኒክ አይደለሁም። ባንክ ቤት የሰው ብር ስቆጥር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራው ግን አንድ ልማድ አስይዞኛል። ማታ ሒሳብ አልዘጋ ሲል ሁሉንም ወረቀት በአንዴ የሚገለብጥ ገንዘብ ያዥ እዚያው ያመሻል። ከቀላሉ ጀምሮ አንዱን ቆጥሮ፣ ጽፎ፣ ወደ ቀጣዩ የሚሄደው ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። ሞተርም እንደዚያው ነው። በአንድ ቀን እሳት የሚረጨውን ካንዴላውንም፣ እሳቱን የሚያጠነክረውን ቦቢናውንም፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩንም ከነካካችሁ መኪናዋ ብትድን እንኳ ምን እንዳዳናት አታውቁም። በሚቀጥለው ወር ሦስቱንም እንደገና ትገዛላችሁ።

ስለዚህ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙ። የኔ አሮጌ የሒሳብ ደብተር ነው፤ ቀኑን፣ የነካሁትን፣ ችግሩ የታየበትን ቦታና የአየሩን ሁኔታ እጽፍበታለሁ። የአየሩ ነገር ለምን እንዳስፈለገ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አየሩ የወሰደውን ቀንሱ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወጣለን ማለት ነው። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት አሰብ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከመቶ 80 ግድም ይሆናል። ሞተር ደግሞ የሚኖረው በአየር ነው። ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈላት ቮልስ ደሴ ላይ 30 ግድም ብትሰጥ በሽታ አይደለም። አሥሩ ፈረስ አሰብ ቀርቷል።

ሌላም አለ። የድሮ ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ኮምቦልቻ ላይ እንደ ሰዓት የምትሠራ መኪና ደሴ ስትደርስ ትንሽ ትታፈናለች። የምታድረው ደሴ ከሆነ ማስተካከያውን ደሴ ላይ አድርጉት። የካርቡሬተሩን ዋና ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ የነሐስ ብሎን፣ በአነስተኛ የሚያስቀይሩ ሰዎች አሉ። ደሴ ላይ ጥሩ ነው። ግን በዚያው ጂግለር ወደ ባቲና ወደ አፋር እንዳትወርዱ። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል።

ይሄን ሁሉ የምለው የራሳችሁን መኪና ጤና እንድታውቁ ነው። የኔዋ ደህና ስትሆን ሐረጎን በሦስተኛ ትጀምራለች፣ ጠመዝማዛው ላይ ሁለተኛ ትጠይቃለች፣ መንገዱ ትንሽ ሲላላ መልሳ ሦስተኛን ትቀበላለች። ሁለተኛ ላይ ከቀረች ታማለች። ከማንም ሰው መኪና ጋር አላወዳድራትም፤ ከትናንትናዋ ከራሷ ጋር ነው።

ካርቡሬተሩን አትንኩ፤ ቫልቭ ይቅደም

እጃችሁን እንደሚበላው አውቃለሁ። ብሎኗ ፊት ለፊት ናት፣ ካቻቢቴው እጃችሁ ላይ ነው። ግን ቫልቩ፣ ማለትም ለሲሊንደሩ አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው በር፣ እና እሳቱ ሳይስተካከሉ ካርቡሬተር ማስተካከል በተንጋደደ ሚዛን ሥጋ መመዘን ነው።

አንድ ጊዜ የሆንኩትን ልንገራችሁ። መኪናዋ ደከመች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈቱት፣ ሁለት ጊዜ አስከፈሉኝ። ሁለቱንም ጊዜ ለሦስት ቀን ደህና ሆና መልሳ ተኛች። በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ ጣሊያንኛውን ከአማርኛው እየቀላቀለ የሚያወራ ሰው፣ ሞተሩን በእጁ ሲያዞር ፊቱን ቋጠረ። "ቫልቭ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ። አላየሁም። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ክፍተቱ ዜሮ ነበር። መለኪያዋ አልገባ አለች።

ሥራው ለማንም ሰው ይቻላል። የሚያስፈልገው የክፍተት መለኪያ ቅጠል ብረት፣ 13 ቁልፍ፣ 21 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ጨርቅ ነው። ዋናው ሕግ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን የሚለው ነው። እኔ ጠዋት፣ ሳላስነሳት ነው የማደርገው። የደሴ የኅዳር ጠዋት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ የሚያስቸግረው ጣት ብቻ ነው።

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ ማርሹን ዜሮ። እሳቱን ለአራቱ ካንዴላ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ። በ21 ቁልፍ የዲናሞውን ፑሌጃ ነት ይዛችሁ ሞተሩን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ውስጥ ያለችው ተሽከርካሪ ሮተር በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለችው ትንሽ ጭረት ስታመለክት፣ የታችኛው ፑሌጃ ምልክትም ሞተሩ ለሁለት በተገጠመበት መስመር ላይ ሲያርፍ፣ አንደኛው ሲሊንደር ተራው ነው። የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው፤ ከኋላ ቆማችሁ ስታዩ አንደኛው በቀኝ በኩል፣ ወደ መቀመጫው የቀረበው ነው። ሁለተኛው በዚያው በቀኝ፣ ወደ እናንተ የቀረበው። በግራ በኩል ሦስተኛው ወደ መቀመጫው፣ አራተኛው ወደ እናንተ።

የቫልቩን ክዳን የያዘውን የሽቦ ማሰሪያ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፋ አድርጉት። ትንሽ ዘይት ይንጠባጠባል፤ ጨርቅ አስቀድሙ። አሁን 0.15 ሚሊ ሜትር የምትለዋን ቅጠል በቫልቩ ጫፍና በብሎኑ መካከል አስገቡ። ስሜቱን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ የምለው፣ አዲስ ብር ኖት በላስቲክ ከታሰረ ጥቅል ውስጥ ሲሳብ እንዳለው ነው፦ ይመጣል፣ ግን ትንሽ ይዞ ነው የሚለቅ። እንዲሁ ሾልካ ከገባች ላልቷል፤ ጭራሽ ካልገባች ጠብቋል። በ13 ነቱን ፈታ አድርጉ፣ ብሎኑን አስተካክሉ፣ ብሎኑን እንደያዛችሁ ነቱን አጥብቁ፣ ከዚያ መልሳችሁ ለኩ። ስታጠብቁት ይንሸራተታልና ሁለተኛውን ልኬት አትዝለሉት።

አንደኛውን ሲሊንደር ሁለቱንም ቫልቭ ከጨረሳችሁ ሞተሩን ወደ ኋላ፣ ማለት ከተፈጥሮ አዟዟሩ ተቃራኒ፣ የታችኛውን ፑሌጃ ግማሽ ዙር መልሱት። ሁለተኛው ተራው ይደርሳል። ሌላ ግማሽ፣ ሦስተኛው። ሌላ ግማሽ፣ አራተኛው። የቮልስ አቃጣጠል 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ሲዞር ቁጥሩ በደርዝ ይመጣል። ይሄን የነገረኝን ሰው እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

የላላ ቫልቭ ይንጫጫል፣ ትንሽ ጉልበት ይበላል፣ ጉዳቱ ግን ያን ያህል አይከፋም። የጠበቀው ግን ዝም ይላል። ጥሩ ተዘግቶ ስለማይቀመጥ ሙቀቱን ለመቀመጫው አያካፍልም፤ ይቃጠላል። በኔዋ ዘመን ቮልሶች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ንፋስ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። እኔ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እለካለሁ፣ ከሦስተኛው ዓይኔን አልነቅልም። አንድ ቫልቭ አስተካክላችሁት በአጭር ጊዜ ደግሞ ደጋግሞ ከጠበበ አትሞኙ። ቫልቩ እየተሳበ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው። ራሱ ተበጥሶ ፒስተኑን ሳይበሳው ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደሩ ክዳን፣ ይውረድ።

እዚሁ ላይ ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚያሳይ የኮምፕሬሽን መለኪያ የሚያውሳችሁ ሰው ካለ አራቱንም ለኩ። አራቱንም ካንዴላ አውጡ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለል ርገጡ፣ ለሁሉም እኩል ዙር ስጡ። የመጽሐፉን ቁጥር ፈልጋችሁ ስታጡት አትደንግጡ፤ መጽሐፉ የተጻፈው ቆላ ላይ ነው። መጽሐፍ 110 ካለ ደሴ ላይ 82 ግድም ማለት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እዩ። ሦስቱ 85 ብለው አንዱ 55 ካለ ሌባው ተገኘ። በዚያ ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበት ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው።

እሳት

ካንዴላ ደብዳቤ ነው። አራቱንም አውጥታችሁ በእንቁላል ካርቶን ላይ በተራቸው ደርድሩ። ዳገት ወጥታችሁ ወዲያው ካጠፋችሁ በኋላ ቢሆን እውነቱን ይናገራሉ፤ ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቆማ የቆየች መኪና ካንዴላ ሁሌም ይጠቁራል። ወተት የበዛበት ቡና ቀለም ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል። እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘይት እየገባ ነው። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ወይም እየጋለ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግሩ የጋራ ነው፤ ካርቡሬተር ጋ ወይም አየር ማጣሪያ ጋ ፈልጉ። አንዱ ብቻ ከተለየ የዚያ ሲሊንደር የግል ጉዳይ ነው።

ስትመልሱት ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ይሁን። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ካንዴላ አጣሞ በቁልፍ የገፋ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ቁራጭ የጎማ ቱቦ ካንዴላው ጫፍ ላይ ሰክታችሁ በጣት አዙሩት። ከተጣመመ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል እንጂ አያስገድድም።

ሚስ የምታደርገው የቷ ሲሊንደር እንደሆነች ለማወቅ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ ንቀሉ። በባዶ እጅ አይሆንም፤ እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ነው። ስትነቅሉት ሞተሩ ከተንገዳገደ ያቺ ሲሊንደር እየሠራች ነበር። ምንም ካልተለወጠ ሰነፏ እሷ ናት። ገመዶቹ ራሳቸው እሳት እንዳያፈሱ ደግሞ ማታ በጨለማ ኮፈኑን ክፈቱ። መብራት የጠፋ ቀን ይመረጣል፤ እሱን መጠበቅ ብዙ አያስቸግርም።

ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው ፑንቲና ከፍተኛው ጉብታ ላይ ሲሆን ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ይሁን። ፊቱ ጉድጓድና ተራራ ካወጣ በብርጭቆ ወረቀት አትሸውዱት፣ ቀይሩት። አዲስ ፑንቲና በቶሎ ከተቃጠለ ግን ጥፋቱ የኮንደንሰሩ ነው። ጉብታው የሚፈገፍግበት ቦታ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ግሪስ ይበቃል። እሷን የረሳ ሰው ፑንቲናው ተፈግፍጎ ክፍተቱ ይዘጋበታል፤ ጉልበት ቀስ በቀስ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ታይሚንግ፣ ማለትም እሳቱ የሚነሳበት ቅጽበት፣ የሚመጣው ከፑንቲና በኋላ ነው፤ ምክንያቱም የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ ታይሚንጉም ይለወጣል። ለኔዋ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ነው። 12 ቮልት አምፖል፣ አንዱን ጫፍ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው ቀጭን ገመድ፣ ሌላውን ሞተሩ አካል ላይ። ቁልፉን አብሩ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሩ፤ አምፖሉ የበራባት ቅጽበት ፑንቲናው የተከፈተባት ናት። ያኔ የፑሌጃው ምልክት መስመሩ ላይ መሆን አለበት። ካልሆነ የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ አላልታችሁ አካሉን አዙሩት። ደሴ ላይ እኔ አንድ ሁለት ዲግሪ አስቀድማለሁ፤ የሳሳ አየር ቀስ ብሎ ነው የሚቃጠለው። ዳገት ላይ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ አብዝታችኋል፣ መልሱት።

ከካርቡሬተሩ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦም አትርሷት። ነቅላችሁ በአፋችሁ ምጠጡ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ሳህን ተንቀሳቅሳ ምላሳችሁን በቱቦው ላይ ስታደርጉ እዚያው መቆየት አለባት። ቀስ ብላ ከተመለሰች ውስጧ ተቀዷል። ጎረቤት ቢስቅም ይሳቅ።

ቤንዚን፣ በተለይ የሃይላንዱ

ማደያ ወረፋ ሲረዝም ሁላችንም መንገድ ዳር ከሃይላንድ ፕላስቲክ ቀድተን እናውቃለን። አንድ ጠብታ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍታ ከተቀላቀለበት ቅባት የመሰለ ክብ ይቀራል። ውሃ ደግሞ በጠርሙስ ቀድታችሁ ብታሳድሩት ከሥር ይተኛል። እኔ አንድ ጊዜ ይሄን ሳላደርግ ቀድቼ ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ ወጣሁት። የከባድ መኪና ሾፌሮች በጥሩምባ አጅበውኛል።

የቤንዚን ማጣሪያው ርካሽ ነው፣ ቀይሩት። ዳገት ላይ ሙሉ ቤንዚን ስትሰጡ የምትደክም፣ ሜዳ ላይ ግን ደህና የሆነች መኪና ብዙ ጊዜ ቤንዚን በበቂ አይደርሳትም፦ ማጣሪያው ተዘግቷል ወይም ፓምፑ ደክሟል። ቆማ ስትነሳ ወይም ድንገት ስትረግጡ ሰከንድ ያህል ዝም ብላ ከዚያ የምትዘል ከሆነ ሞተሩን አጥፉ፣ የአየር ማጣሪያውን አንሱ፣ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ እያያችሁ ነዳጅ መስጫውን በእጅ ሳቡት። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ጭር ብላ መውጣት አለባት። ካልወጣች የመግፊያዋ ላስቲክ ደርቋል። እዚያው ጉሮሮ ላይ ያለችውን የጠዋት ክዳን፣ ቾኩን፣ እዩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ዘግታ ከቀረች መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ታጨሳለች። ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ገመዷ ወልቆ ነው።

ሚኒሞ ላይ ከፍ ዝቅ እያለች የምትዋልል፣ እግር ስታነሱ ማርሚታዋ ዱብ ዱብ የሚል ከሆነ የሌብነት አየር፣ በካርቡሬተሩ ያላለፈ አየር፣ በቀዳዳ እየገባ ነው። ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ካርቡሬተሩ ሥርና ቧንቧው ቴስታታው ላይ በተገጠመበት ቦታ ነፋ ነፋ አድርጉ፤ እሳቱ ያለበትን ወገን እንዳታረጥቡ። የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ላይ በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን አልቋል። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ። አትሞክሩ።

እዚህ ላይ ስለ ጉልበት ሳይሆን ስለ ነፍስ ልናገር። የቮልስ ቤንዚን ቱቦዎች ያረጃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ያንጠባጥባሉ። የሞተሩ ዋና አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ቱቦውን በጣታችሁ እጠፉት፤ ስንጥቅ ካሳየ ዛሬውኑ ይቀየር። ማሰሪያም ይኑረው። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ደግሞ መቀመጫው ሥር።

ጭጋግ ውስጥ የምትሞት መኪና

ይሄ ሁሉ ተደርጎ፣ ያለፈው ክረምት ላይ ቮልሷ አዲስ ዓመል አመጣች። ሐረጎ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ትታፈናለች፣ ትሞታለች። አሥር ደቂቃ ቆሜ ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ትንሽ ሄዳ ትደግመዋለች።

የሰፈራችን ልጅ፣ ጋራዥ የሚሠራው፣ "ጋሼ፣ ቦቢና ሲሞቅ እንዲህ ያደርጋል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያደርጋል። ቀየርን። ደገመችው። "እንግዲያው ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ እየፈላ ነው" አለ። ይሄም ያለ ነገር ነው፤ ሞቃት ቀን፣ ከፍታ ላይ ቤንዚን ቶሎ ይፈላል። ፓምፑን ቀየርን። ደገመችው።

ደብተሬን ገለበጥኩ። የሞተችባቸው ቀኖች አምስት ናቸው። አምስቱም ላይ "ጭጋግ" ወይም "ካፊያ" ብዬ ጽፌያለሁ። ፀሐይ በወጣ ቀን አንድም ጊዜ አልሞተችም። ሙቀት ላይ የምትታመም መኪና በነሐሴ ብርድ ለምን ትሞታለች?

በቀጣዩ ቅዳሜ ልጁን አብሮኝ ወሰድኩት። እንደፈራነው ሐረጎ ላይ፣ ፊት ለፊት ያለው መኪና መብራቱ ብቻ በሚታይበት ጭጋግ ውስጥ፣ ቀጥ አለች። ዳር ያዝን። ልጁ ካቻቢቴውን ይዞ ዘለለ። "ጋሼ፣ ካርቡሬተሯን ልፍታት?"

"ቆይ" አልኩት። "መጀመሪያ በዓይንህ እይ።"

ካርቡሬተሩ ሥር፣ ወደ ግራና ቀኝ የሚሄደው ወፍራም ቧንቧ ነጭ ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየው። "ጨው ነው እንዴ?" አለ። በጥፍሩ ፋቀው። ጣቱ ላይ ቀለጠ። ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ከዚያ ሳቅ። የሚሠራ ሞተር ላይ በረዶ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ነርሷ ከመርፌ በፊት ክንዳችሁን በአልኮል ስትጠርገው ይቀዘቅዛችኋል አይደል? አልኮሉ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ቤንዚንም ካርቡሬተር ውስጥ ሲተን እንደዚያው ነው። አየሩ 10 ዲግሪ ግድም ሆኖ እርጥብ ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ውሃ ጉሮሮው ውስጥ በረዶ ይሆንና መተንፈሻውን ይዘጋዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ከሥር ያለው ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ በረዶውን ያቀልጠዋል። አሥር ደቂቃው የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር።

ፋብሪካው ይሄን አስቦበታል። ከወፍራሙ ቧንቧ ጋር ተጣብቃ የምትሄድ ቀጭን ቧንቧ አለች፤ ከማርሚታው በኩል ትኩስ ጭስ አምጥታ ታሞቀዋለች። ከ50 ዓመት በላይ ጭስ ያለፈባት ቧንቧ ግን በጥላሸት ትደፈናለች። የኔዋ እንደ ድንጋይ ደርቃ ነበር። ሁለቱን ጫፎቿን ከማርሚታው ፈታናቸው። አሮጌ የፍሪሲዮን ገመድ ጫፉን በታትነን መሰርሰሪያ ላይ አሰርነው፤ ከግራ ትንሽ፣ ከቀኝ ትንሽ እያልን ገፋን። መሰርሰሪያውን አታስቸኩሉት፤ ገመዱ ውስጥ ከተበጠሰ ሌላ ጣጣ ነው። ቅዳሜ ጀምረን እሑድ ከሰዓት ብርሃን ታየ። የወጣው ጥላሸት አንድ የቡና ስኒ ይሞላል። ወደ አየር ማጣሪያው ሙቅ አየር የምታመጣዋን ቱቦም፣ አንድ ሰው ነቅሎ ጥሏት ነበር፣ መልሰን ሰካናት።

የእናንተን ለማየት መፍታት አያስፈልግም። ቀዝቃዛ ሞተር አስነሱ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ ቀጭኗን ቧንቧ በግራም በቀኝም ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉ። ሁለቱም ወገን እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ክፍት ናት። ለብ ካለች ወይም አንዱ ወገን ቀዝቃዛ ከሆነ ተደፍናለች።

ልጁ አሁን ቮልስ በመጣለት ቁጥር ካቻቢቴውን አስቀምጦ መጀመሪያ እጁን እዚያ ነው የሚያደርገው። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። "ጋሼ" አለኝ፣ እጁን እፍ እፍ እያለ፣ "ይቺኛዋ ደህና ናት።"